በግራዬ የተቀመጠው ሰው

ድሮ በጳጉሜ ዝናብ እንታጠብ ነበር። ዘንድሮ ሰው ሁሉ ጤና ጣቢያ ተሰልፎ ዓይኑ ላይ ጠብታ ያስጨምራል። ጠብታው ስም ወይም ዘመድ አያስረሳም፤ የሚያጥበው ልማድን ብቻ ነው። የለመዱት ሁሉ እንደ አዲስ ይታያል ይላሉ። እኔ ይቅርብኝ አልኩ። ባሌ ደምሰው ግን ተጨምሮለት መጣ።

ጫማውን አውልቆ በር ላይ እንደ እንግዳ ቆመ።

"እማዋይሽ፣ ይሄ ግድግዳ እንዲህ አረንጓዴ ነው እንዴ?"

ራሱ የቀባው ግድግዳ ነው። ምሳ ሳቀርብ ወንበር ስቦ በግራዬ በኩል ተቀመጠ።

በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን በግራዬ ተቀምጦ አያውቅም። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ሰርግ ቤትም ለቅሶ ቤትም ታክሲ ውስጥም፣ ሳያስበው በቀኜ ነበር የሚሆነው። አሁን ስለ ሽሮው ቀለም፣ ስለ ቆርቆሮው ድምፅ ደስ ብሎት ያወራል፤ እኔ የምሰማው ግማሹን ነው። ሆዴ ባባ። ወንበሬን አንስቼ በሌላኛው ጎኑ ዞሬ ተቀመጥኩ።

"ምነው ተነሳሽ?"

"ያኛው ጆሮዬ አይሰማም እኮ።"

"አዎ፣ አውቃለሁ" አለና ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ትክ ብሎ አየኝ። "ግን ምን ሆኖ ነው?"

ደነገጥኩ። በየት በኩል መቀመጥ እንዳለበት ገና በተጋባን ሰሞን የለመደው ሰው፣ ይህን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም።

ሽሮው እስኪቀዘቅዝ ነገርኩት።