የመስኮቷ ፀሐይ

«ልጁ እንዳይጠቁርባት ፀሐይ ትከለክለዋለች» እያሉ አማቷ ለኮንዶሚኒየሙ ሰው ሁሉ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያወሩባታል።

ውሸት ነው። በየጠዋቱ ልጇን ቅባት ቀብታ፣ ሦስተኛ ፎቅ ካለው ቤቷ መስኮት ሥር ራቁቱን ፀሐይ ላይ ታስተኛዋለች። አማቷ ግቢው ውስጥ ቆመው ሽቅብ ይጮኹባታል።

«አንቺ! ወደ ውጭ አውጪው!»

«ልጄ በርበሬ ነው እንዴ ሜዳ ላይ የሚሰጣው? ቆዳው ተቃጥሎ ደስ ይበልዎት?»

ልጁ በሁለት ዓመቱ ቆሞ ሲሄድ እግሮቹ እንደ ቅንፍ ጎብጠው ታዩ። ሐኪሙ ራጁን እያየ፣ «ፀሐይ ታሞቂው ነበር?» አላት።

«አንድ ቀን አላጓደልኩም! መስኮቱ ሥር፣ ጎረቤት ይመስክር!»

«መስኮቱ ተከፍቶ?»

«ብርድ እንዲመታው? ዘግቼ ነው እንጂ!»

«በመስታወት የገባ ፀሐይ» አላት ሐኪሙ፣ «ያሞቃል እንጂ ለአጥንት የሚሆነውን ቫይታሚን ዲ አይሰጥም።»