ምንጣፉ የተነሣ ዕለት

ሐሙስ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አጎቴ ቢሽራ ውኃ ሊጠጣ ጣሳውን ጋኑ ውስጥ ሰደደና የሴት ነጠላ ጫማ ይዞ ወጣ።

“ለካ ለዚህ ነው ውኃው ጣዕም ያወጣው!” አለ ጫማውን ከፍ አድርጎ።

ለቅሶ ቤት መሆኑን የረሱ ጥቂቶች ሳቁ። ባለቤቴ ኢግባል ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። የአስር ሶላት ተሰግዷል፤ የመጨረሻው ዱዓ ተደርጓል፤ የቀረው ምንጣፉን ማንሣት ነው። ምንጣፍ ከተነሣ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ይሄዳል። ደጃፍ ላይ ግን አንድም ጫማ አልነበረም።

ቢሽራ እጅጌውን ሰብስቦ የለቀስተኛውን ጫማ ሁሉ ከጋኑ ውስጥ ያወጣ ጀመር።

“የማን ሥራ እንደሆነ ጠፍቷችሁ ነው?” አለች እህቴ ሲትና፣ የአራት ዓመት ልጄን ተስኒምን ክንዷን ይዛ እየጎተተች። “ትናንት የሐጂ ኢድሪስን ምርኩዝ ደበቀች፤ ዛሬ ደግሞ ይኸው! ወንድሜ፣ በአለንጋ ካልገራሃት ነገ አናትህ ላይ ነው የምትወጣው።”

“እናቷ የሞተችባት ልጅ ናት እኮ፣ ሲትና” አሉ ጎረቤታችን ሐጂ ኢድሪስ።

“ለዚህ ነዋ ከአሁኑ መያዝ ያለባት!”

ተስኒም አላለቀሰችም። የሲትናን እጅ ነከሰችና አምልጣ ጋኑን አቀፈችው። “አታውጡት! አታውጡት!” አንድ ጫማ በወጣ ቁጥር ነጥቃ መልሳ ልትከት ትንጠራራለች።

ኢግባል ሆስፒታል የሄደችበት ጠዋት መጣብኝ። እግሯ አብጦ ጎንበስ ማለት አቅቷት ነበር። ጫማዋን ያጠለቀችላት ተስኒም ናት። “ጎበዝ የኔ ልጅ፣ በይ አሁን መሄድ እችላለሁ” ብላ ሳመቻትና ወጣች።

ሲትና አለንጋ ፍለጋ ዞር ስትል “ተያት” አልኳት።

ከጋኑ ሥር በመጨረሻ የወጣው የእኔ ጫማ ነበር። ከሁሉ አስቀድማ የከተተችው።

“መቼስ በዚህ ዕድሜዬ በባዶ እግሬ አልሄድ” አለ ቢሽራ የልጅቷን ፊት እያየ። “በሉ፣ እስኪደርቅ ሻይ አፍሉልን።”

ሊነሣ ተጠቅልሎ የነበረው ምንጣፍ ተመልሶ ተነጠፈ። ጫማዎቹን ግንቡ ላይ ደረደሯቸው። ተስኒም ሁሉም መቀመጣቸውን አንድ በአንድ አየች፤ ከዚያ ጋኑን ለቃ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ጋደም አለች። ከሦስት ቀን ወዲህ ቀን ስትተኛ ያየኋት ያኔ ነው።

የካሰላ ፀሐይ ግን አትራራም። የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ ጫማው ደረቀ። ለቀስተኞቹ እንዳይቀሰቅሷት ድምፃቸውን አጥፍተው፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ወጡ፤ ሲትናም።

ተስኒም ስትነቃ ግቢው ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ነን። ቀና ብላ ግንቡን አየች፤ የቀረው የእኔ ብቻ ነበር።

የእኔ ጫማ ወፍራም ቆዳ ነው፤ እስከ ማግሥቱ አልደረቀም።