የማታ ትምህርት ክፍል

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሆልምሊያ ሰፈር ውስጥ ሊሠራ የታሰበው የአዲሱ ኮሌጅ ንድፍ ነበር። ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ለስብሰባው ለመጣ ነዋሪ ሁሉ ሦስት ሦስት አረንጓዴ ስቲከር አድሎ፣ በሚፈልገው ክፍል ላይ እንዲለጥፍ ጠይቋል፤ ጥቂት ስቲከር ያገኘ ክፍል ከንድፉ ይወጣል። ታንጉት ልጇ እንዳሳየቻት አንዱን ቤተ ሙከራው ላይ፣ አንዱን ስፖርት አዳራሹ ላይ ለጥፋ ነበር። ሦስተኛውን ግን ጥግ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ላይ አሳረፈችው።

“አይ፣ እማ፣ እሱ አይደለም” አለች ልጇ። “የትልልቅ ሰዎች የማታ ትምህርት እኮ ነው። ሁለት ሰው ብቻ ነው የለጠፈበት፣ አታዪም?”

“አየሁ።”

ታንጉት የመጀመሪያውን ስቲከር ጠርዝ በጥፍሯ ጫፍ ፈልጋ፣ ንድፉን ሳትቀድ በዝግታ ላጠችው። በጽዳት ሥራዋ መሀል ከተማ ቢየርቪካ ካሉት ቢሮዎች መስታወት ላይ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማስታወቂያ ስታነሳ የኖረችው እንዲሁ ነው። ከዚያ ሁለተኛውን ላጠች። ሁለቱንም ጠባቧ ክፍል ላይ ጎን ለጎን ለጥፋ በአውራ ጣቷ ተጫነቻቸው።

“ሰው እያየን ነው” አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ለኔ ብለን አይደል እንዴ የመጣነው?”

“ኮሌጁ የሚከፈተው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። አንቺ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነሽ።”

ልጅቷ ንድፉን፣ ቀጥሎም እናቷን አየች። “ምን ልትማሪ?”

“ነርስነት” አለች ታንጉት። ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር፤ አውራ ጣቷን ገና ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም።