ኮት የለበሰው ኮርቻ

አሥራ ሁለተኛውን ፎቶ ሰቅዬ ሳቃና አንዲት አሮጊት የአዳራሹ በር ላይ ቆመው የጫማቸውን ጭቃ ደረጃው ላይ ይጠርጋሉ።

"የአባቴ ፎቶ የት ነው?" አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

ውብአየሁ ምህረቴ ይባላሉ። እንጅባራ የደረሱት በማለዳው ሚኒባስ ከአዘና ነው። ባለፈው ሳምንት ፎቶዎቹን ይዤ አዘና ገበያ ስዞር ጎረቤታቸው አንዱን ፈረስ በግንባሩ ቦቃ ለይተው፣ "የአባትሽ ፈረስ ፎቶ ላይ አለ" ብለዋቸዋል።

"ሲሞት ስምንት ዓመቴ ነበር። መልኩ ጠፋብኝ ልጄ። አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነው።"

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከሁለት ሰዓት በኋላ የፎቶ ዐውደ ርእዩ እንግዶች ይመጣሉ፤ የባለ ፈረሱ ልጅ በአካል ከተገኙልኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ፎቶዎቹን ያነሳው በአርባዎቹ መጨረሻ ለድልድይ ጥናት የመጣ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ፣ በሬ የሚያሻግሩ፣ እንስራ የሚሞሉ ሰዎች ናቸው። እኔ ደግሞ የታሪክ ዲግሪዬን ታቅፌ ከየፎቶው ሥር የሚለጠፈውን መግለጫ ስጽፍ ሦስት ወር ከረምሁ።

ወደ ፎቶው ወሰድኋቸው። የተሸለመ ፈረስ ፈጣም ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆሟል። ኮርቻው ላይ ሰው የለም፤ ኮት ብቻ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከኋላው ሰው ግጥም ብሏል። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ፎቶው መስታወት አስጠጉ።

"የትኛው ነው?"

"ልጓሙን የያዙት ይመስሉኛል።"

"እሱማ አጎቴ ነው።" ፊቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው አዳረሱ። "ከሥሩ ምን ይላል?"

"ሙሽራ ሊያመጡ የሚሄዱ ሠርገኞች፣ ፈጣም ወንዝ።"

"ሠርግ ነው ያለህ ማነው?"

"እኔው ነኝ።" ከተማ ነው ያደግሁት፤ የተሸለመ ፈረስ የማውቀው በሠርግና በበዓል ነው። ኮቱንም የሙሽራው ስጦታ አድርጌው ነበር።

"ነጠላቸውን አላየኸውም?"

አየሁት። ሁሉም አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ለካ ማየትና ማስተዋል ለየቅል ነው። አፈርሁ።

"አባቴን ፈጣም ወሰደው፣ በሐምሌ። ሬሳው አልተገኘም። ውኃው ሲጎድል ፈረሱን ሸልመው፣ ኮቱን ለእንጨት አልብሰው ኮርቻው ላይ አቆሙና ከወሰደው ቦታ ወርደው አለቀሱለት። ኮቱን ኋላ እናቴ አሳጥራ ለእኔ ሰፋችው። ስንት ክረምት አሳለፍሁበት። ፊቱ ግን የለም። እኔ የመጣሁት ለፊቱ ነበር።"

ወረቀቱን ከግድግዳው ላጥሁና እስክሪብቶ አወጣሁ።

"ምን ብዬ ልጻፍ፣ እማማ?"

"ስሙን ጻፍ፤ ምህረቴ እንግዳ በል። ሬሳ ስለሌለ መቃብርም የለው።"

"የምህረቴ እንግዳ ለቅሶ፣ ፈጣም ወንዝ" ብዬ ጻፍሁና ለጠፍሁ። ማንበብ ስለማይችሉ ጣታቸውን ይዤ ስሙ ላይ አኖርሁላቸው። ትንሽ ቆዩበት። ከዚያ ጣታቸው በመስታወቱ ላይ ሽቅብ ሄደ፤ ውኃውን፣ የፈረሱን ጎን፣ ኮቱን አለፈና ከኮሌታው በላይ፣ ምንም ከሌለበት ቦታ ላይ ቆመ።

"ቁመቱ እዚህ ድረስ ነበር" አሉ።