የክንፍ ላባ

ልሳነወርቅ በግቢው የሚያረባቸው ተርኪ ዶሮዎች የሚጥሉትን የክንፍ ላባ እየለቀመ፣ አጥቦ በፀሐይ እያደረቀ፣ ከሚሠራቸው ቀስቶች ጭራ ላይ ያስር ነበር። የግራውን ክንፍ ላባ ከቀኙ አይቀላቅልም፤ ከተቀላቀለ ቀስቱ ይስታል ባይ ነው። ሚስቱ ሰብለወንጌል ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር መሳቂያ ታደርገዋለች።

«የሰው ባል ቤት ይሠራል፤ የእኔው ላባ ይለቅማል!»

በልጃቸው ክርስትና ዕለት ደግሞ ባሰባት። ደጋኑንና አንድ ቀስት ከጓዳ አምጥታ እንግዶቹ ፊት እግሩ ሥር ጣለችለት።

«በል እስቲ፣ ወንድ ከሆንክ ዛሬ አሳየን!»

«ተይ ሰብሌ፣ ሰው ፊት…»

«ምን እንዳይመጣ ነው? የተኛች ላም እንኳ የማይመታ ሰው!» አለችና ሄዳ እሱ ለመለማመጃ ግቢው ጥግ ከጭድ የሠራው ኢላማ አጠገብ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። «ይኸው፣ እኔም እዚሁ ነኝ።»

እንግዳው ሁሉ አውካካ። ልሳነወርቅ ቀስቱን ደግኖ ገመዱን እስከ አገጩ ሳበ። ብዙ ቆይቶ ደጋኑን ቀስ ብሎ አወረደ።

«አላልኳችሁም?» ብላ ሰብለወንጌል በሳቅ ፍርስ አለች።

ወንድሟ አዝኖለት ወደ ጓሮ ተከተለው።

«አይዞህ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የማንም እጅ ይንቀጠቀጣል።»

«እጄስ አልተንቀጠቀጠም» አለ ልሳነወርቅ፣ ደጋኑን እያስጨበጠው። «ይህን ዛሬውኑ ከቤቴ አውጣልኝ። ያነጣጠርኩት ጭዱ ላይ አልነበረም።»