አይለቅም

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በልብስ ማጠቢያ ቤት የሰው እድፍ ሳሽ ኖሬ ትናንት በቃኝ አልኩ። «ሥራዬን ለቅቄያለሁ» ብዬ ጽፌ ለአለቃችን ሰጠኋት። አነበበችውና «አይለቅም» አለች።

«አይለቀቅም» ልትል ፈልጋ አፏን ያዳለጣት መሰለኝ። እኛ አይለቅም የምንለው ለዘይት እድፍ ነው። እንዲህ ያለ ልብስ ሲገጥመን ቁራጭ ጨርቅ ላይ «አይለቅም፤ ለባለቤቱ ይመለስ» ብለን ጽፈን አንገትጌው ላይ እንሰፋበታለን።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ እየበላን ባለቤቴ «አንቺ፣ ማጅራትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለኝ።

«ምን አለ?»

«ቁራጭ ጨርቅ። ‹አይለቅም፤ ለባለቤቱ ይመለስ› ይላል። ጽሕፈቱ ደግሞ ያንቺው ነው።»

ጠረጠርኩት። ሥራ መልቀቄን ስነግረው «አለቃሽስ ምን አለች?» ብቻ ማለቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ነው ያደረው። ከአለቃችን ጋር መክሮ ሥራ እየሠራብኝ ነው ብዬ ቀሚሴን አውልቄ ወረወርኩለት።

አገላብጦ አየው። ቀሚሱ ላይ ምንም የለም።

ተነሥቶ መቀስ አመጣና ማጅራቴ ላይ ያለውን ክር ቆረጥ ሲያደርገው ጮህኩ። መቀሱ ደም ነክቶታል።

ያኔ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቴ ገርበብ አድርጎ ከፈተና «ማን ልበል?» አለ።

የአለቃችን ድምፅ ነው፤ ደንበኛ ስታስተናግድ እንደሚለሰልሰው ለስልሷል።

«ባለቤቷ ነኝ» አለችው።

ባለቤቴ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ አለላት።