የጀቤሳ ደመና

ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ እዚህ እግሬ ሥር። ነገሩ የሆነው በኅዳር፣ በርበሬ በሚሰጣበት ወር ነው። ያን ዓመት ግን ኅዳሩ ምን ኅዳር ነው! ፀሐዩ አናት ይበሳል። የገላን ኮንዶሚኒየም የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። የእኔ ጎመን እንኳ ጆሮውን ጥሎ ነበር።

ላይኛው ፎቅ ጡረታ የወጣ አስተማሪ አለ፣ ጀቤሳ የሚሉት። «ዓለም ጋለች፤ ትልልቆቹ እስኪስማሙ አልጠብቅም» ብሎ ጣሪያ ላይ የአረም መርጫ ይዞ ወጣ። የጨው ውሃ ወደ ሰማይ ረጭቶ፣ ነጭ ደመና ሠርቶ፣ ፀሐይን ሊመልሳት! የረጨው ተመልሶ የገዛ መላጣውን አራሰው። ሳቅን።

በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረ። ዝናብ ዱብ ዱብ!

ታች ሜዳው ላይ በርበሬ ሸጣ የምታድረው ዙለይኻ የዓመት ጉርሷን፣ ስምንት ጆንያ በርበሬ አስጥታለች። ሁላችንም ሮጠን እንዝቀው ጀመር።

«እማማ፣ ያን አልጋዎ ሥር ያለውን ጃንጥላ ያውሱኝ!» አለችኝ ጎረቤቴ አቻምየለሽ።

«ላስቲኩ ገና አልተፈታም፣ አይነካም!» ብዬ ነጠላዬን ተከናንቤ መዛቄን ቀጠልኩ።

ሦስቱ ጆንያ ገባ። የቀረው ሻገተባት።

እሁድ የብሎኩ ኮሚቴ ተሰበሰበ።

«ጋሽ ጀቤሳ፣ ጣሪያው የጋራ ነው፤ ሰማዩስ የማን ነው? ማንን ጠይቀው ነካኩት?» አለች ዙለይኻ።

«ልጄ፣ ሙቀቱስ የጋራ አይደል? ለሁላችን ብዬ እኮ ነው።»

«እኔና በርበሬዬ ከሁላችን ውስጥ የለንም?»

ጀቤሳ መላጣውን አሸት አሸት አደረገ። እኔም ብድግ ብዬ፣ «ጎረቤት ሳያማክሩ ሰማይ መነካካት ነውር ነው!» አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

መርጫው ተወረሰ። በርበሬ በተሰጣ ቁጥር ጀቤሳ ወንበር አውጥቶ ደመና እንዲጠብቅ ተፈረደበት።

ይኸው እስከ ዛሬ ይጠብቃል፤ ሲያስነጥስ ቃሊቲ ድረስ ይሰማል። ዙለይኻ የቆርቆሮ ክዳን ያለው የበርበሬ ማስጫ ሠራች። እኔም በየሳምንቱ አንድ እቅፍ ጎመን እወስድላታለሁ፤ «ምነው እማማ፣ በዛ!» ትለኛለች። መርጫውን ኮሚቴው ለእኔ ሰጠኝ፣ ጎመኔ ግን ያኔውኑ በዝናቡ ቀጥ ብሎ ነበር።

ለታኅሣሥ ገብርኤልም፣ «ጎመኔን ብታጠጣልኝ» ብዬ የተሳልኩትን ያን ጃንጥላ አስገባሁ።